ያረጀ ጃኬትና ያስረጁት ጃኬት

ሰላም ለሁላችሁም። ከመጀመሬ በፊት እነዚህን ሁለት ጃኬቶች ላዙርላችሁ። አንዱ ከቀኝ በኩል ይጀምር፣ ሌላው ከግራ። እባካችሁ አይታችሁ ብቻ አታሳልፏቸው፤ ዳስሷቸው። ክርናቸውን፣ የእጅጌያቸውን ጫፍ፣ ኮሌታቸውን በጣታችሁ ዳበስ ዳበስ አድርጉ። ሁለቱም ቡናማ ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱም ዕድሜ የጠገቡ ይመስላሉ። አንዱን ባለቤቱ ሃያ ዓመት ያህል ለብሶታል፤ ለጥገና አምጥቶልኝ ነው፣ ዛሬ እንዳሳያችሁም ፈቅዶልኛል። ሌላው ያረጀው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሰው ትከሻ ላይ ከዋለበት ቀን መደርደሪያ ላይ የዋለበት ይበልጣል።

የቱ የቱ እንደሆነ አሁን አልነግራችሁም። ስጨርስ እናንተ ትነግሩኛላችሁ።

እኔ የቆዳ ልብስ ጠጋኝ ነኝ። ቦርሳም ጫማም እነካለሁ፣ ልቤ ያለው ግን ጃኬት ላይ ነው። ዚፕ እቀይራለሁ፣ ገበር አድሳለሁ፣ የተተረተረ ስፌት እመልሳለሁ። ለዛሬው ንግግር ያነሣሣኝ ምን መሰላችሁ? ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ክርናቸው ላይ የተቀደዱ ጃኬቶች እየበዙብኝ መጡ። ሲታዩ ያረጁ፣ ሲጠየቁ አዲስ።

አንዱን ልንገራችሁ። አንድ ወጣት እጅጌው የተተረተረ ጃኬት ይዞ መጣ። «ስንት ጊዜ ለበስከው?» አልኩት። «ዓመት አልሞላኝም» አለኝ። ልሰፋው መርፌ ወጋሁበት፤ ቀዳዳው እንደ እርጥብ ወረቀት እየሰፋ ሄደ። ክሩን ጠበቅ ባደረግሁት ቁጥር ቆዳው ራሱ ይለቃል። ገበሩን ፈታሁና ክርኑ ላይ ያለውን ቆዳ በአንድ እጄ፣ ብብቱ ሥር ያለውን በሌላው እጄ ይዤ በሁለት ጣቴ አስተያየኋቸው። አንድ ጃኬት፣ አንድ ቆዳ ነው፤ ውፍረታቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ክርኑን ያረጀ እንዲመስል ፍቀው ፍቀው ስስ አድርገውታል። ልጁ ደግሞ የገዛው በትክክል ለዚያ መልክ ብሎ ነው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ያረጀ ነገር ጠንካራ ነው ብሎ ማመን የማንም ጤነኛ ሰው እምነት ነው፤ ጠንካራ ባይሆን ኖሮ እስኪያረጅ አይቆይም ነበራ!

ነገሩ እንዲገባን ቆዳ ምን እንደሆነ ትንሽ ማወቅ አለብን። ቆዳ እንደ ጨርቅ የተሸመነ ክር አይደለም። ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ቃጫ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ተጠላልፎ የሠራው ነገር ነው። ከላይ፣ ፀጉሩ በነበረበት በኩል፣ ቃጫው ደቃቅና በጣም የተጠጋጋ ነው። ወደ መሃል ሲወርድ ቃጫው ይወፍራል፣ ይጠላለፋል፤ የመጎተት ኃይልን የሚችለው በአብዛኛው ይህኛው ነው። ላይኛው ፊት ደግሞ እርጥበትንና ቆሻሻን የሚመክተው፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያበራው፣ በእጅ ሲዳሰስ የሚለሰልሰው ነው። መልኩ ያለው እሱ ላይ ነው። ዕድሜም የሚጻፈው እሱ ላይ ነው።

ከዚያ ማልፋት አለ። ዛሬ አብዛኛው ቆዳ የሚለፋው ክሮም ከሚባል ብረት በሚገኝ ጨው ነው፤ ማልፋቱ ራሱ አንድ ቀን ገደማ ቢወስድ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በፊት ግን የዛፍ ቅርፊትና ቅጠል ውስጥ ያለው ታኒን ነበር ዋናው መንገድ፤ እሱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ሁለቱ ሲያረጁ አንድ ዓይነት አይደሉም። በታኒን የለፋ፣ ቀለም ያልተቀባ ቆዳ ፀሐይና የእጅ ቅባት ባገኘ ቁጥር እየጠቆረ፣ እየደመቀ ይሄዳል። በክሮም የለፋው ለስላሳ ነው፣ ውሃም ሙቀትም ይችላል፣ መልኩን ግን ቶሎ አይቀይርም። በመጨረሻም ቀለሙ አለ። ቀለም ቆዳው ውስጥ ዘልቆ ሊገባ ይችላል፣ ወይም እንደ ግድግዳ ቀለም ከላይ ሊለበጥ ይችላል። ከላይ ብቻ የተለበጠው ሲያረጅ አይወዛም፤ ይላጣል።

ወዝ አልኩ። ይህን ቃል በጣም ነው የምወደው። የፊት ወዝ እንላለን፣ ወዝ አደር እንላለን። ወዝ ላብ ነው፣ ቅባት ነው፣ ድካም ነው፣ ያማረ ገጽታም ነው። ያረጀ ጥሩ ጃኬት ላይ የምናየውን ነገር ከዚህ አሳምሮ የሚጠራው ቃል አላገኘሁም። ሰውየው የለበሰበት፣ የሠራበት፣ ላብ ያፈሰሰበት ነው ያ የሚያበራው ነገር።

እስቲ ክርን ላይ እናተኩር። እጃችሁን እጠፉት። የእጅጌያችሁ ውስጠኛ ጎን እንደ አኮርዲዮን ይታጠፋል አይደል? ቆዳም እንዲሁ ነው። ወፍራም ቆዳ ጥቂት ትልልቅ እጥፋት ይሠራል፤ ስስ ቆዳ ብዙ ትንንሽ። እያንዳንዱ እጥፋት ጫፍና ጉድጓድ አለው። ጫፉ ከጫፍ ጋር፣ ከጠረጴዛ ጋር፣ ከመኪና በር ጋር፣ ከሰው ጋር ይፋተጋል። ጉድጓዱ ግን ተሸሽጓል። ስለዚህ ዓመታት ሲያልፉ ጫፉ ቀለሙ ይሳሳል፣ ጉድጓዱ እንደ ጠቆረ ይቀራል። ጫፉ ላይ ጣታችሁን ብታሳልፉ ግን ሻካራ አይደለም። ያንሸራትታል። ለምን? መፋተጉ ቀስ ያለ ነው፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው። ቃጫውን አይቆርጠውም፤ ያስተኛዋል፣ ያሻሸዋል፣ ከእጅ የሚያገኘው ቅባት ደግሞ ያጠግበዋል። የብዙ ሰው እጅ የጨበጠው የእንጨት መደገፊያ እንዴት እንደሚያበራ ታውቃላችሁ፤ ያው እሱ ነው።

አሁን ያስረጁትን ክርን ተመልከቱ። እዚያ ሠራተኛው እጅጌውን ደልደል ያለ ነገር ላይ ዘርግቶ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሚሽከረከር ማሽን ይፍቀዋል። ሲዘረጋ እጥፋት የለም፤ ጫፍም ጉድጓድም የለም። ስለዚህ የገረጣው ቦታ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ ሁሉንም አንድ ላይ ይሸፍናል። ጣታችሁን ስታሳልፉበት ያዝ ያደርጋችኋል፤ የተቆረጡት ቃጫዎች ቆመዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ገዢው ከለበሰው በኋላ የእሱ ክንድ የራሱን እጥፋት መሥራት ይጀምራል። ክንዱ ረዘም ያለ ከሆነ፣ ወይም እጅጌውን ሰብሰብ የማድረግ ልማድ ካለው፣ እውነተኛው እጥፋት ከተፋቀው ቦታ ሁለት ጣት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይወድቃል። አንድ እጅጌ ላይ ሁለት ክርን! ይህን አንድ ጊዜ ካያችሁ በኋላ አለማየት አትችሉም።

ሌላው ነገር ሚዛን ነው። ሰው ሚዛናዊ አይደለም። አንዱን እጁን አብልጦ ይጠቀማል። ቁልፉን ሁልጊዜ አንድ ኪስ ውስጥ ይከታል፣ ስልኩን ደረቱ ላይ፣ ቦርሳውን አንድ ትከሻው ላይ። ሾፌር ከሆነ የመቀመጫ ቀበቶው ከትከሻው ወደ ወገቡ ሰያፍ መስመር ያበጃል። ኮሌታው ማጅራት በሚነካበት በኩል ይጠቁራል፣ ያበራል፤ የሰውነት ቅባት ነው። ብብቱ ሥር ከላብ ጨው የተነሣ ደረቅ ይላል። ትከሻና ጀርባ ፀሐይ ስለሚያገኛቸው ከብብት ሥር ይልቅ ይደበዝዛሉ። ፋብሪካ ግን ቀኙንም ግራውንም እኩል ነው የሚፍቀው። ሠራተኛው ለእያንዳንዱ ጃኬት አንድ ሰው ፈጥሮ፣ ይሄኛው ቦርሳውን የት ያንጠለጥላል ብሎ የሚያስብበት ጊዜ ማን ይሰጠዋል?

ክሩንም እዩት። እውነተኛው ላይ ክሩም ከቆዳው ጋር አብሮ ነው የኖረው፤ ወዙን ጠጥቷል፣ ጠቁሯል። ያስረጁት ላይ ወይ ክሩ ድንግል ነው፣ ወይ ደግሞ ከቆዳው ጋር አብሮ ተፍቆ ሊበጠስ ደርሷል። የእጅጌውን ጫፍ ገልብጡና ገበሩን እዩ። የኪሱን ውስጥ እዩ። ውጪው ሃያ ዓመት ኖሮ ውስጡ ትናንት የተሰፋ አይሆንም።

ማስረጀቱ በብርጭቆ ወረቀት ብቻ አይደለም። ቆዳውን ትልቅ በርሜል ውስጥ ከትቶ ለሰዓታት ማንከባለል አለ፤ ያለሰልሰዋል፣ ያጨማድደዋል። በዚህኛው ብዙም ቅር አይለኝም፤ ቆዳውን አይቆርጠውም። ከታች ቀላ ያለ፣ ከላይ ጠቆር ያለ ቀለም ቀብቶ የላዩን በኬሚካል ስፌቱ አካባቢ መጥረግ አለ። ስፌቱ ሥር ጥቁር ቀለም መርጨት አለ። በሽቦ ብሩሽ መፈተግ አለ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ይህ ሁሉ ሥራ የሚሠራው ከመጀመሪያው ጥሩ ባልሆነ ቆዳ ላይ ነው፤ የእሾህ ጭረት፣ የነፍሳት ንክሻ፣ የጠባሳ ምልክት ያለበት ቆዳ ሲያስረጁት ጉድለቱ ከእርጅናው ጋር ተደባልቆ ይሸሸጋል። ጠባሳ በራሱ ነውር አልነበረም፤ እንስሳው ኖሮበታል። ነውሩ መሸሸጉ ነው።

ለመሆኑ ያረጀ ጃኬት መውደድ ከየት መጣ? ጃኬት የሥራ መሣሪያ ከነበረበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ኢርቪንግ ሾት ኒው ዮርክ ውስጥ ፐርፌክቶ የተባለውን ባለዚፕ የሞተረኛ ጃኬት ሠራ፤ ስሙን ያወጣለት በሚወደው ሲጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 የአሜሪካ ጦር የአየር ጓድ ኤ-2 የሚባለውን የአብራሪዎች ጃኬት ተቀበለ። መጀመሪያ የሚሠራው ከፈረስ ቆዳ ነበር፤ በኋላ የፍየልም ተጨመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብራሪዎቹ ጀርባው ላይ ሥዕል ያሥሉበት ነበር፣ የበረሩበትን ግዳጅ ቁጥር ይመዘግቡበት ነበር። እነዚህ ልብሶች ለነፋስና ለብርድ ነበር የተሠሩት፤ ሞተረኛ ሲወድቅ ከአስፋልቱና ከሥጋው መሃል የሚገባ ሌላ ነገር የለውም። ስለዚህ ያረጀ ጃኬት የለበሰ ሰው ሲታይ «ይሄ ሰውዬ ብዙ አሳልፏል» ይባል ነበር። ፋሽኑ የወረሰው ያንን ነው። ኑሮውን ትቶ ምልክቱን።

እዚህ ላይ ለአንድ ሙያ ያለኝን አክብሮት ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። የፊልምና የቲያትር አልባሳት አዘጋጆች አዲስ ልብስ ያስረጃሉ፤ ሥራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን የመጀመሪያውን የኢንዲያና ጆንስ ፊልም አልባሳት ያዘጋጀችው ዲቦራ ናዱልማን፣ ጃኬቶቹን በሽቦ ብሩሽና በተዋናዩ በሃሪሰን ፎርድ የኪስ ቢላዋ እየፈተገች እንዳስረጀቻቸው ተናግራለች። ያ ግን ሌላ ነገር ነው። እሷ አንድ ሰው በአእምሮዋ ይዛለች። የት እንደተኛ፣ በምን እንደተጎተተ፣ ምን ላይ እንደወደቀ ታውቃለች፤ ጭረቱን የምታስቀምጠውም እዚያ ነው። ያ ጃኬት ደግሞ ቀረጻው እስኪያልቅ ከቆየ በቂ ነው። እኔና እናንተ ከጃኬታችን የምንፈልገው ግን ነገም ከነገ ወዲያም እንዲኖር ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜ የማይነሣ። የሚፍቀው ሰው። የቆዳ ብናኝ ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የቆዳ ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ አስቀምጦታል፤ የሚያጠቃውም አፍንጫንና አካባቢውን ነው። ጂንስ ላይ የሆነውን ደግሞ አንዳንዶቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ጂንሱ ያረጀ እንዲመስል አሸዋ በከፍተኛ ግፊት ሲረጩበት፣ ሠራተኞቹ የአሸዋውን ብናኝ እየሳቡ ሲሊኮሲስ በሚባል የማይድን የሳንባ በሽታ ተያዙ፤ ብዙ ወጣቶችም ሞቱ። ቱርክ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2009 ከለከለች። አስቡት፤ ሱሪው ያልኖረውን ዕድሜ የኖረ እንዲመስል ሰው ያልኖረውን ዕድሜ ከፈለ። ይህን ካወቅሁ በኋላ የተፋቀ ክርን ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የዚያ ሰው ትንፋሽ ነው።

እሺ፣ አሁን ብዙዎቻችሁ ውስጥ ያለውን ጥያቄ ላንሣው። «አሥር ዓመት ማን ይጠብቃል?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አዲስ ወፍራም የቆዳ ጃኬት መጀመሪያ ሲለበስ አይመችም። ይገትራል፣ ይንጫጫል፣ ክንድ አያሳጥፍም። ጥሩ የሞተረኛ ጃኬት ቆዳው ከ1.2 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ሰሌን የለበሳችሁ ነው የሚመስላችሁ። ሲታይም በጣም አዲስ ነው፤ ልጅ በበዓል የለበሰው ይመስላል። ሰው ያንን መዝለል ቢፈልግ አልፈርድበትም። ጊታር የሚጫወቱ ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር ያውቃሉ፤ ጊታር ሠሪው ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1995 ሆን ተብለው የተጫሩና የተላጡ አዳዲስ ጊታሮችን ለገበያ አቅርቧል፣ እስከ ዛሬም ይሸጣሉ። የጊታሩ ቀለም ቢላጥ ግን ጊታሩ አይቀደድም። ልዩነቱ እሱ ነው።

መንገዱ ሁለት ነው እላለሁ። አንዱ ሰልባጅ ነው። ሌላ ሰው የለበሰው፣ በእውነት ያረጀ ጃኬት ግዙ። ከባዱን ጊዜ ያ ሰው ጨርሶላችኋል፤ ለስልሷል። በሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ብብቱና አንገትጌው። ደርቆ እንደ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ ከሆነ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ስታጥፉት ደቃቅ ስንጥቅ የሚያወጣ ከሆነ፣ ቃጫው ሞቷል፤ ምንም ዓይነት ቅባት አይመልሰውም። ይህን የምላችሁ ዕድሜ ሁሉ ጥሩ ስላልሆነ ነው። የተለበሰና የተጣለ አንድ አይደሉም። ሃያ ዓመት ሳጥን ውስጥ በላስቲክ ታፍኖ የኖረ ጃኬት አርጅቷል፣ አልወዛም።

ሌላው መንገድ ደግሞ ማርጀት የሚችል ቆዳ መግዛት ነው። እዚህ ላይ ጥሩ ዜና አለኝ። ቶሎ የሚወዙ፣ ግን ማንም ያልፋቃቸው ቆዳዎች አሉ። ዘይትና ሰም የጠጣ ቆዳ አለ፤ ስትለጥጡት ወይም ስታጥፉት እዚያ ቦታ ላይ ቀለሙ ይፈካል፣ በወራት ውስጥ የናንተን እንቅስቃሴ መምሰል ይጀምራል። ሌላው ውስጡ ቡናማ፣ ላዩ ብቻ ጥቁር የሆነ ነው። የድሮዎቹ የፈረስ ቆዳ ጃኬቶች ብዙዎቹ እንዲህ ነበሩ። የጃፓን ሠሪዎች ይህን ቻሺን ይሉታል፤ የሻይ ልብ እንደ ማለት ነው። ስትለብሱት ጥቁሩ ከእጥፋቱ ጫፍ፣ ከኪሱ ከንፈር፣ ከዚፑ ዳር ቀስ እያለ ይሸሽና ቡናማው ብቅ ይላል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ክርን ብቻ ነው። ሁለተኛው ላይ ኪስ። ሰው ሳያስበው መስታወት ፊት ቆሞ እጅጌውን እያገላበጠ ያያል። የት እንደሚወጣ የሚወስነው ለባሹ ነው፤ ሠሪው ያደረገው ነገር ቢኖር በሩን ከፍቶ መተው ነው። ይህን እወዳለሁ።

ቤታችሁ ውስጥ ግን ራሳችሁ ለማስረጀት አትሞክሩ። እኔ ሞክሬያለሁ። ወጣት ሳለሁ ጃኬትን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ሰውነት ላይ ማድረቅ ቅርጽ ያስይዘዋል ሲሉ ሰማሁ። እኔ ደግሞ ሙቅ ውሃ ይሻላል ብዬ፣ ከዚያም ቶሎ እንዲደርቅ ማሞቂያ አጠገብ ሰቀልኩት። ጠዋት ሳየው እጅጌው ወደ ክርኑ ወጥቷል፣ ጀርባው እንደ ጣውላ ደርቋል። ምክንያቱን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ሙያውን ስማር ነው። ኮላጅን እርጥብ ሆኖ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይኮማተራል፤ አንዴ ከተኮማተረ አይመለስም። በታኒን የለፋ ቆዳ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ይሸነፋል። የክሮሙ እስከ 100 ገደማ ሊታገሥ ይችላል። የእኔው የታኒን ነበር። የመጀመሪያ ደመወዜን አጠራቅሜ የገዛሁት ነበር፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከረጠበባችሁ ውሃውን በጨርቅ መጥጡት፣ ሰፊ ትከሻ ባለው ማንጠልጠያ ስቀሉት፣ ከእሳትም ከፀሐይም አርቃችሁ በራሱ ጊዜ ይድረቅ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። ቅባት በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በጣም ስስ አድርጋችሁ። አብዝታችሁ ከቀባችሁት ቃጫው ይላላል፣ ቅርጹ ይወድቃል፣ አቧራም ይሰበስባል። በቃ፣ ከዚህ በላይ ምንም አታድርጉት። ልበሱት። ዋናው መልበስ ነው። ዕለት ዕለት የምታጥፉት ቆዳ ሳይነካ ከተሰቀለው ይልቅ ለስላሳ ሆኖ ይኖራል።

ጥያቄ ካለ ልቀበል።

አንዲት ልጅ፣ እዚያ ጥግ ያለችው፣ ያስረጁትን ጃኬት ገዝታ እንደለበሰችው ነገረችን፤ አሁን ምን ላድርገው ነው ጥያቄዋ። እህቴ፣ በፍጹም እንዳትጥይው። ለባሹ አንቺ ነሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚመጣው ዕድሜ እውነተኛ ነው። ክርኑ ከመቀደዱ በፊት ግን አንድ ጠጋኝ ጋ ሂጂና ገበሩን ፈትቶ ከውስጥ በኩል ስስ ቆዳ እንዲለጥፍበት አድርጊ። ከውጪ አይታይም፤ ጫናውን ግን እሱ ይሸከማል። የተፋቀው ቦታ ላይ ክሬም ስትቀቢ ከሌላው ቦታ ይበልጥ እንደሚጠጣ ታያለሽ፤ ፊቱ ስለሌለ ነው። እዚያ ላይ እጅሽን ቆጠብ አድርጊ። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ የአንቺ እጥፋት የእነሱን መሸፈን ይጀምራል።

ሌላ ሰው ስለ አርቲፊሻል ቆዳ ጠየቀ። አጭር መልስ፦ አያረጅም፣ ያልቃል። ብዙውን ጊዜ ከጨርቅ ላይ የተለበጠ ፖሊዩሬታን የሚባል ፕላስቲክ ነው። እርጥበትና ጊዜ ማያያዣውን ሲበሉት እንደ ቅርፊት ይረግፋል፤ ሲረግፍ ከሥሩ የሚታየው ጨርቅ ነው።

ጋሼ፣ እርስዎ ቀጥሉ። አዎ፣ ጃኬቶቹ እርስዎ ጋ ናቸው። የቱ ነው ይላሉ?

ጋሼ ሁለቱንም ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቆይተዋል። ሳያነሡ ከላይ ያለውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። «ይሄኛው ነው የኖረው» አሉ። ልክ ናቸው። እንዴት እንዳወቁ ስጠይቃቸው ክርኑን ያሳዩኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ትከሻውን አሳዩኝ። ቀኝ ትከሻው ላይ የቦርሳ ማንጠልጠያ የሚያህል ያበራ መስመር አለ፤ እሱን እኔም አይቼዋለሁ። ከዚያ የእጅጌዎቹን ጫፍ አጠጋግተው ያዙ። የግራው ከሥር በኩል፣ ሰው ሲጽፍ ወረቀት ላይ በሚያርፈው ቦታ፣ ተልጎ ያንጸባርቃል። የቀኙ ገና ቀለሙን ይዟል። «ሰውዬው ግራኝ ነው» አሉ።

ይህን ጃኬት ሦስት ሳምንት እጄ ላይ ይዤዋለሁ። ዚፑን ቀይሬዋለሁ፣ ኪሱን ሰፍቼዋለሁ። ግራኝነቱን አላየሁም። ሰኞ ሊወስደው ይመጣል። ደረሰኙን ሲፈርም እጁን አያለሁ።